ፋብሪካ አጠገብ መሆንና ከፋብሪካ ጋር መተሳሰር
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)








እንደሚታወቀው ባለፉት ሃያ ዓመታት ውስጥ በኢትዮጵያ በርካታ ፋብሪካዎች ተተክለዋል። አብዛኞቹም በየቦታው ተበታትነው ሳይሆን በጥቂት ከተሞች ዙሪያ ጎን ለጎን የተተከሉ ናቸው። ዱከም፣ ሞጆ፣ ሐዋሳ፣ ኮምቦልቻና ደብረ ብርሃን ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። የመሠረት ድንጋይ በተጣለ ቁጥር በአካባቢው ቀበሌዎች ጥያቄ ይነሳል። አንዱ አርሶ አደር ለልጁ ሥራ ይጠብቃል። ሌላው ለይዞታው ይሰጋል። ሌላው ደግሞ ምርቱን በደህና ዋጋ የሚገዛው እንደሚያገኝ ተስፋ ያደርጋል።

የዚህ ንግግር ዓላማ ፋብሪካዎች ለምን አንድ ቦታ እንደሚሰባሰቡ፣ የመንግሥት ፖሊሲ በዚህ ላይ ያለውን ሚና እና ዩኒየኖች ከዚህ ሂደት ሊያገኙ የሚችሉትን ጥቅም ማስረዳት ነው። ዋናው መልእክት አጭር ነው። ፋብሪካ አጠገብ መሆንና ከፋብሪካ ጋር መተሳሰር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መንግሥት ቦታ አዘጋጅቶ፣ መንገድ ዘርግቶ፣ መብራትና ውኃ አስገብቶ ፋብሪካዎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይችላል። ትስስሩን የሚፈጥሩት ግን ጥሬ ዕቃ አቅራቢው፣ ሙያተኛው፣ ጠጋኙና አጓጓዡ ናቸው። ጥሬ ዕቃው የእርሻ ምርት በሆነበት ቦታ ደግሞ አቅራቢው ራሱ አርሶ አደሩ ነው፤ በተደራጀ መልኩ ሲታይ ዩኒየኑ ማለት ነው።

1. ፋብሪካዎች ለምን ይሰባሰባሉ?

መርካቶን የሚያውቅ ሰው የዚህን ጥያቄ መልስ ያውቀዋል። ቅመም የሚፈልግ ቅመም ተራ፣ ሚስማር የሚፈልግ ሚስማር ተራ ይሄዳል። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ገበያ የሚሻሙ ይመስላል። ሆኖም ገዢው ከሩቅ ቦታ እዚያ ድረስ የሚመጣው የሚፈልገውን ዕቃ አማርጦ እንደሚያገኝ እርግጠኛ ስለሆነ ነው። ምናለሽ ተራ ሲኬድ ደግሞ የአንዱ ቀጥቃጭ ቁርጥራጭ ብረት ለጎረቤቱ ጥሬ ዕቃ ሆኖ ይታያል።

የእንግሊዙ የኢኮኖሚ ሊቅ አልፍሬድ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሁኔታ በሦስት ምክንያቶች አስረድቷል። አንደኛ፣ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ድርጅቶች በተሰባሰቡበት ቦታ ሙያ ያለው ሠራተኛ በብዛት ይገኛል። ሠራተኛውም ከአንዱ ቢለቅ ሌላው ይቀጥረዋል። ሁለተኛ፣ መለዋወጫ የሚሸጠው፣ ማሽን የሚጠግነውና ጥሬ ዕቃ የሚያቀርበው ሁሉ ብዙ ደንበኛ ስለሚያገኝ እዚያው ይከትማል። ሦስተኛ፣ ዕውቀት ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይተላለፋል። አንዱ የተሻለ አሠራር ሲጀምር ጎረቤቱ አይቶ ይማራል።

በአዲስ አበባ የሽሮ ሜዳ የሽመና ሥራና የመርካቶ የጫማ ሥራ ማንም አጥር ሳያጥርላቸው በዚህ መንገድ ያደጉ ናቸው። በመርካቶ አንዱ ቆዳ ይሸጣል፣ ሌላው ይቆርጣል፣ ሌላው የላይኛውን ክፍል ይሰፋል፣ ሌላው ሶል ይለጥፋል። በ1990ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ ላይ ከቻይና የገባው ርካሽ ጫማ ገበያውን ባጥለቀለቀው ጊዜ ብዙ ትናንሽ ጫማ ሠሪዎች ሥራ ለማቆም ተገድደው ነበር። የቀሩት ግን የጫማቸውን ዓይነትና ጥራት አሻሽለው የአገር ውስጡን ገበያ መልሰው መያዝ ችለዋል። ይህን ለማድረግ ያስቻላቸው ቆዳው፣ ሙያተኛውና ደንበኛው በአንድ አካባቢ መገኘቱ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው በንግድም ይሠራል።

2. መንግሥት ያዘጋጃቸው የኢንዱስትሪ መንደሮች

በራሱ የሚያድግ መሰባሰብ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ብዙ መንግሥታት ሂደቱን ለማፋጠን ቦታ አዘጋጅተው ባለሀብት ይጋብዛሉ። በኢትዮጵያ በ1990ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ የወጣው የኢንዱስትሪ ልማት ስትራቴጂ ለጨርቃ ጨርቅና አልባሳት፣ ለቆዳና የቆዳ ውጤቶች እንዲሁም ለግብርና ምርት ማቀነባበር ቅድሚያ ሰጥቷል። ከዚያ በኋላ በቻይና ባለሀብቶች የተገነባው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ዱከም ላይ ተቋቋመ። ሁዋጂያን የተባለው የቻይና ጫማ አምራች ኩባንያም በ2004 ዓ.ም በዚያ ማምረት ጀመረ። በ2007 ዓ.ም የኢንዱስትሪ ፓርኮች አዋጅ ቁጥር 886/2007 ወጣ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ የልዩ ኢኮኖሚ ዞን አዋጅ ቁጥር 1322/2016 ተከትሏል።

መንግሥት ለእነዚህ መንደሮች የሚያደርጋቸው ድጋፎች የታወቁ ናቸው። የተገነባ ሼድ፣ የኤሌክትሪክ ኃይልና ውኃ፣ ከቀረጥ ነፃ የማሽነሪ ማስገባት መብት፣ የግብር እፎይታ ጊዜ እና በአንድ መስኮት የሚሰጥ አገልግሎት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ድጋፉ ብዙ የሕዝብ ገንዘብ የሚጠይቅ በመሆኑ ውጤቱን መመርመር ተገቢ ይሆናል።

በሐምሌ 2008 ዓ.ም የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በዚህ ረገድ ብዙ ትምህርት ይሰጣል። ፓርኩ ለልብስ ስፌት የተዘጋጀ ሲሆን፣ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀምበት ማጣሪያ ተሠርቶለታል። ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከሌሎች አገሮች አቅራቢዎቹ ጋር ሆኖ ገባ። በፓርኩ ሥራ ካገኙት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ይህ ቀላል የማይባል ውጤት ነው።

ይሁን እንጂ ከጨርቁ፣ ከክሩ፣ ከቁልፉና ከዚፑ አብዛኛው በመርከብ የሚመጣ ነበር። ከአገር ውስጥ የሚጨመረው በዋናነት የሰው ጉልበት ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከሰሜኑ ጦርነት ጋር በተያያዘ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል እንደሚያስወጣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም አስታወቀ። ፒቪኤች በኅዳር ወር ፋብሪካውን መዝጋቱን ገለጸ። ውሳኔው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ተግባራዊ ሆነ። ፓርኩ አልተዘጋም፤ ሌሎች ኩባንያዎች በውስጡ መሥራታቸውን ቀጥለዋል። ሆኖም ብዙ ሠራተኞች ሥራ አጥተዋል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የውጭ ኩባንያ አያስፈልግም የሚል አይደለም። ትምህርቱ፣ ጥሬ ዕቃውንም ገበያውንም ከውጭ ያደረገ ፋብሪካ ችግር ሲገጥመው ከአካባቢው ጋር የሚያቆየው ነገር ጥቂት መሆኑ ነው። ሥሩ ያልጠለቀ ዛፍ በንፋስ እንደሚወድቅ ማለት ነው።

3. ከውጭ የመጣው ከአገር ቤቱ ጋር ሲተሳሰር

በሌላ በኩል ከውጭ የመጡ ኩባንያዎች በአካባቢው ሥር የሰደዱባቸው ቦታዎች አሉ። ለምሳሌ በማሌዥያ የፔናንግ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1972 የባያን ሌፓስ ነፃ የንግድ ቀጣና ተከፈተ። ኢንቴልን የመሳሰሉ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያዎችም መጡ። መጀመሪያ ላይ ሥራው ከውጭ የመጡ ዕቃዎችን መገጣጠም ብቻ ነበር። በጊዜ ሂደት ግን የአካባቢው የብረታ ብረት ወርክሾፖች ለእነዚህ ኩባንያዎች መሣሪያና መለዋወጫ መሥራት ጀመሩ። በኩባንያዎቹ ውስጥ ተቀጥረው ሙያ የቀሰሙ ሰዎችም ወጥተው የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ የግዛቱ መንግሥትና ኩባንያዎቹ በጋራ የሙያ ማሠልጠኛ ማዕከል ከፈቱ። ሥልጠናው ምን መሆን እንዳለበት ኩባንያዎቹ ራሳቸው ይናገሩ ስለነበር ሠልጣኙ የሚማረው የሚቀጠርበትን ሙያ ነበር።

ዛሬም ፔናንግ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎች ማዕከል ናት። ኩባንያዎቹን ያቆየው የግብር እፎይታው ብቻ አይደለም። የሚፈልጉትን አቅራቢና ሙያተኛ በአካባቢው ማግኘታቸው ነው።

4. ገብስ፣ ብቅልና ቢራ

የፔናንግ አቅራቢ ብረት ሠራተኛው ነበር። በደጋው የኢትዮጵያ ክፍል ደግሞ አቅራቢው ገብስ አምራቹ ነው። የደብረ ብርሃን ከተማ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ትሆናለች። ዙሪያዋ ገብስ አብቃይ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች። ሐበሻ ቢራ በ2007 ዓ.ም በዚያ ሥራ ጀመረ። ዳሸን ቢራም ሁለተኛ ፋብሪካውን በዚያው ተክሏል። ከዚያ በኋላ ቡርትማልት የተባለው የቤልጂየም ብቅል አምራች ፋብሪካውን በከተማዋ ገነባ። ቢራ ፋብሪካው ብቅል ይፈልጋል፣ ብቅል ፋብሪካው ገብስ ይፈልጋል፣ ገብሱ ያለው ደግሞ ከከተማዋ ወጣ ሲባል ማሳ ላይ ነው። የአገር ውስጡና የውጭው ባለሀብት አንድ ቦታ የተገናኙት በዚህ ምክንያት ነው።

በአርሲ ደግሞ በ1976 ዓ.ም የተቋቋመው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ለረጅም ዓመታት ከአርሲና ከባሌ ገብስ ሲገዛ ቆይቷል። ይህ ፋብሪካ በ2010 ዓ.ም አካባቢ ከመንግሥት ወደ ኦሮሚያ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ፌዴሬሽን ተዛውሯል። ገብሱን ያመረተው አርሶ አደር በማኅበሩ በኩል የፋብሪካው ባለቤት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ያም ሆኖ ማንኛውም ገብስ የብቅል ገብስ አይሆንም። ለዚህ ምክንያቱን ለጠላ ብቅል የሚያበቅሉ እናቶች አሳምረው ያውቁታል። ገብሱ ይረጥባል፣ ይበቅላል፣ ከዚያም ይደርቃል። ያረጀ ወይም ዝናብ ያበላሸው ገብስ ግን ቢያረጥቡት ይሻግታል እንጂ አይበቅልም። ፋብሪካውም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በብዙ ሺህ ኩንታል መሥራቱ ነው። በመሆኑም ፋብሪካ የሚገዛው ሕይወት ያለውን እህል ነው። በአብዛኛው ከመቶው ፍሬ 95 እና ከዚያ በላይ የሚሆነው እንዲበቅል፣ እርጥበቱ ከ13 በመቶ እንዳይበልጥና የፕሮቲን መጠኑ ከ9 እስከ 12 በመቶ ባለው ውስጥ እንዲሆን ይፈለጋል። ፍሬው ወፍራምና አንድ ወጥ መሆን ይኖርበታል።

እዚህ ላይ ብዙ አርሶ አደሮችን የሚያሳዝን ነገር ይፈጠራል። ለምግብ ገብስ ጥሩ የሆነው ለብቅል ጥሩ ላይሆን ይችላል። ለምሳሌ ዩሪያ ከመጠን በላይ ወይም ዘግይቶ ሲጨመር ሰብሉ አምሮ ይታያል፤ ነገር ግን የፍሬው ፕሮቲን ይጨምርና ፋብሪካው ላይቀበለው ይችላል። የተለያዩ ዝርያዎች ሲቀላቀሉ በማብቀያው ውስጥ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ስለሚበቅል ብቅሉ ይበላሻል። በአውድማ ላይ አፈርና ጠጠር ሲገባበት ደግሞ ዋጋው ይቀንሳል። ጭነቱ ከፋብሪካው በር ሲመለስ የመኪናው ኪራይም የዓመቱ ልፋትም በአርሶ አደሩ ላይ ይወድቃል። ፋብሪካው አሥር ኪሎ ሜትር ላይ ቢሆንም ለዚህ አርሶ አደር ሩቅ ነው።

5. የዩኒየኑና የአባላቱ ድርሻ

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሳት ትስስሩን ለማጠናከር የሚከተሉት ተግባራት ትኩረት ይሻሉ።

ሀ/ አንድ ዝርያ በኩታ ገጠም ማልማት፦ የብቅል ገብስ ከሆልከር አንስቶ እስከ ኢቦንና ትራቨለር ድረስ የተለያዩ ዝርያዎች አሉት። ጎረቤታሞች ተስማምተው በአንድ ወቅት አንድ ዝርያ ሲዘሩ ምርቱ አንድ ወጥ ይሆናል። ምርጥ ዘሩን በወቅቱ ማድረስ የዩኒየኑ ኃላፊነት ነው። ገብስ በገብስ ላይ በየዓመቱ መዝራት ግን መሬቱን ስለሚጎዳ ባቄላን ከመሳሰሉ ጥራጥሬዎች ጋር ማፈራረቅ ያስፈልጋል።

ለ/ ከመጫኑ በፊት መፈተሽ፦ የብቅለት ፍተሻ በቤት ሊሠራ የሚችል ነው። አንድ መቶ ፍሬ ሳይመረጥ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ፣ ጨርቁ እንዳይደርቅ መጠበቅ፣ ከአራትና አምስት ቀን በኋላ የበቀለውን መቁጠር ነው። የበቀለው 95 ካልሞላ ምርቱን ለምግብ ገበያ ማቅረብ ይሻላል። ይህ ሥራ በየመሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን ቢሠራ ብዙ ኪሳራ ያድናል። ፍተሻው የሚሠራው አዲስ የታጨደ ገብስ ጥቂት ሳምንታት ካረፈ በኋላ መሆን አለበት፤ ወዲያው ከተፈተሸ ደህናው ገብስ እንኳ ላይበቅል ይችላል።

ሐ/ ውልን ማክበርና ማስከበር፦ በ2015 ዓ.ም የግብርና ምርት ውል አዋጅ ወጥቷል። ውል ሁለቱንም ወገን ያስራል። በመኸር ወቅት ደላላ በኩንታል ጥቂት ብር ጨምሮ ሲመጣ ውሉን ትቶ ለእሱ መሸጥ ለዚያ ዓመት ያዋጣ ይመስላል። በሚቀጥለው ዓመት ግን ደላላው ላይመጣ፣ ፋብሪካውም ላያምን ይችላል። በአንጻሩ ፋብሪካው በውሉ መሠረት ካልተረከበ ወይም ክፍያ ካዘገየ ዩኒየኑ ዝም ማለት አይገባውም። የዋጋ አወሳሰኑ፣ የደረጃ መለኪያው፣ የክፍያው ቀንና ቅሬታ የሚታይበት መንገድ በውሉ ላይ በግልጽ መስፈር አለበት። ናሙና ሲወሰድም የማኅበሩ ተወካይ መገኘት ይኖርበታል።

መ/ በአንድ ገዢ ላይ አለመንጠልጠል፦ ፋብሪካዎች በተሰባሰቡበት አካባቢ ያለው አንዱ ጥቅም ከአንድ በላይ ገዢ መኖሩ ነው። ዩኒየኑ ምርቱን ከሁለትና ከዚያ በላይ ፋብሪካዎች ጋር በውል ቢያስር የመደራደር አቅሙ ይጨምራል። አንዱ ቢዘጋ እንኳ ሌላው ይቀራል።

ሠ/ ከአቅራቢነት ወደ ባለድርሻነት፦ ጥሬ እህል ብቻ የሚሸጥ ማኅበር ትርፉ ትንሽ ነው። እህል ማበጠር፣ በደረጃ መለየት፣ ማሸግ፣ የእንስሳት መኖ ማቀነባበር በዩኒየን አቅም የሚጀመሩ ሥራዎች ናቸው። የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት ለወተት ላም መኖ ስለሚሆን ላም የሚያረቡ አባላትም የዚህ ትስስር ተጠቃሚ ሊሆኑ ይችላሉ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ማኅበራት ከመሠረታዊ እስከ ዩኒየን፣ ፌዴሬሽንና ሊግ እንዲደራጁ ይፈቅዳል። ፋብሪካ መግዛት ለአንድ ዩኒየን ከባድ ሊሆን ይችላል፤ በፌዴሬሽን ግን እንደሚቻል የአሰላው ብቅል ፋብሪካ አሳይቷል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

6. ከሥራ ኃላፊዎች የሚጠበቅ

ይህ ሁሉ በአርሶ አደሩ ጥረት ብቻ የሚሟላ አይደለም። የፌዴራልና የክልል መንግሥታት ቡሬ፣ ቡልቡላ፣ ይርጋዓለምና ባዕከር ላይ የተቀናጁ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኮችን ሲያቅዱ በዙሪያቸው የገጠር ሽግግር ማዕከላት እንዲኖሩ ያደረጉት ምርቱ ተሰብስቦና ተለይቶ ወደ ፋብሪካው እንዲደርስ ነው። በይርጋዓለም የአቮካዶ ዘይት ፋብሪካ ከሲዳማ አርሶ አደሮች ጓሮ የሚመጣ ፍሬ ይጨምቃል። ሐሳቡ ትክክለኛ ነው። ነገር ግን ፓርክ ያለ መሰብሰቢያ ማዕከል፣ ማዕከሉም በክረምት መኪና የሚያስገባ መንገድ ከሌለው ብዙ አይፈይድም።

ሁለተኛው ጉዳይ መሬት ነው። ለፋብሪካ የሚወሰደው መሬት ብዙውን ጊዜ የአርሶ አደር ማሳ ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳ እንዲከፈልና ተነሺዎች መልሰው እንዲቋቋሙ ይደነግጋል። አንድ ጊዜ የተሰጠ ገንዘብ ያልቃል፤ ማሳ ግን በየዓመቱ ያበላ ነበር። ስለሆነም ተነሺዎች ገንዘቡን በጋራ ሥራ ላይ እንዲያውሉና ልጆቻቸው በሙያ እንዲሠለጥኑ ኅብረት ሥራ ማኅበራትን ማሳተፍ ይገባል።

ሦስተኛው ፍሳሽ ነው። ፋብሪካ ሲሰባሰብ ቆሻሻውም ይሰባሰባል። በሞጆ ወንዝ አካባቢ የቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ያስከተለው ችግር የታወቀ ነው። ከታች ያለው አርሶ አደር በዚያ ውኃ ከብት ያጠጣል፣ አትክልት ያለማል። ማጣሪያ ፋብሪካው ሥራ ሳይጀምር መሠራት አለበት፤ ሥራ ከጀመረ በኋላም በየጊዜው መፈተሽ ይኖርበታል።

በመጨረሻም፣ የኢንዱስትሪ ልማት ሪፖርት ሲቀርብ ስንት ፋብሪካ ተከፈተ፣ ስንት ሰው ተቀጠረ የሚለው መጠየቁ መልካም ነው። ከዚያ ጋር ግን ሌላ ጥያቄ ቢጨመር ፖሊሲው ወዴት እየሄደ እንደሆነ በግልጽ ይታያል። ይኸውም ፋብሪካው በዚህ ዓመት ከአካባቢው ማኅበራት ስንት ኩንታል ገዛ፣ ስንቱን መለሰ፣ የመለሰው ለምንድን ነው የሚል ነው። የተመለሰው ኩንታል በቁጥር ከታወቀ ጉድለቱ የዘር፣ የማዳበሪያ አጠቃቀም ወይም የመጋዘን መሆኑን ለይቶ በሚቀጥለው መኸር ማስተካከል ይቻላል። ይህን አኃዝ በየዓመቱ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ማቅረብ ለዩኒየኑ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ አባላቱም ሊጠይቁት የሚገባ ሥራ ነው።

መጪው ዘመን የምርትና የበረከት ይሁን። መልካም የምሥረታ በዓል!